ማልያና አፎቻ

ከሐረር ጁገል ወጥቶ ወደ ሶፊ ገጠር የሚወርድ መንገደኛ፣ ማሽላው ከታጨደ በኋላ ባዶ የቀረው ማሳ የኳስ ሜዳ ሆኖ ያገኘዋል። ሁለት ድንጋይ ግብ ይሆናል፤ የልጆቹ ጩኸት የጫቱን እርሻ አልፎ ይሰማል። በዚህ ሜዳ ላይ ደመወዝ የሚባል ነገር ስለሌለ ቡድን መለወጥ ስሙ አንድ ብቻ ነው፤ ክህደት ይባላል።

ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት ማኅበር አላቸው። ሠርጉም ኀዘኑም የሚታለፈው በእርሱ ነው። የአፎቻ አባል የጎረቤቱን አስከሬን ይሸኛል፤ በልጁ ሠርግ ጊዜ ደግሞ በተራው ይታገዛል። ከአፎቻ የሚገኝ ትርፍ የለም፤ ብዙ ስለተከፈለው ወደ ሌላ አፎቻ የሚሻገር ሰውም አይታሰብም። የእግር ኳስ ደጋፊ ክለቡን የሚያየው በዚሁ ዓይን ነው። የክለቡ አስተዳደር በአንፃሩ የሚያየው ውሉን ነው፤ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ የተሸነፈ አሠልጣኝ የስንብት ደብዳቤ ሲሰጠው አፎቻን የሚያነሣ የለም።

እንግዲህ አንድ አሠልጣኝ በሐሳብ ይቀመጥ። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ሐረር ተወልዶ ያደገ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶፊ ድረስ እየወረደ ልጆች የሚመለምል ሰው ነው። የውድድሩ ዘመን ሳይጋመስ ከሌላ ከተማ ስልክ ይደወልለታል። ደመወዙ እጥፍ ነው፤ የፊርማ ገንዘብ አለው፤ የቤት ኪራይ ይከፈልለታል። የአሁኑ ክለቡ ግን የሁለት ወር ደመወዝ አልከፈለውም። ለመሆኑ ይህ ሰው ታማኝነት የሚጠየቀው ለማን ነው?

በአገራችን የታማኝነት ነገር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ስም የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። የባለቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ አቶ ይድነቃቸው በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተዋል፤ ሌላ ክለብ አያውቁም። በጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ቡድኑን የመሩት እርሳቸው ናቸው። ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1979 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሠሩም የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ ስታዲየሞችን እንዳይወርር ተሟግተዋል። ይህ ሁሉ ክብር የሚገባው ነው። ይሁንና አንድ ነገር ይረሳል፤ አቶ ይድነቃቸው የሚበሉት የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው እንጂ ከኳስ አልነበረም። ታማኝነታቸው በወሩ መጨረሻ በቤት ኪራይ አልተፈተነም። የዛሬውን አሠልጣኝ በእርሳቸው ሚዛን መመዘን ለሟቹ አክብሮት ይመስላል፤ በሕይወት ላለው ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

በእንግሊዝ አገር ብራያን ክላፍ የሚባል አሠልጣኝ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ የብራይተን ክለብ ውሉ ሳያልቅ፣ ወደ ሻምፒዮኑ ሊድስ ተሻገረ። ረዳቱ ፒተር ቴይለር አልተከተለውም፤ ብራይተን ቀረ። ክላፍ ሊድስ የቆየው 44 ቀን ነው። የተሰናበተውም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው በወረዱበት በዚያው ዕለት ነበር፤ ያን ቀን ስለ አሠልጣኝ የሚያወራ ሐረር ውስጥ ይኖራል ተብሎ አይገመትም። ይኸው ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ኖቲንግሃም ፎረስት ገብቶ 18 ዓመት ቆየ፤ ክለቡንም ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ዋንጫ አስበላ። ስለዚህ የሄደውም የቆየውም አንድ ሰው ነው። ልዩነቱ የሚሠራበት ቦታ ማግኘቱ ላይ ነበር።

ወደ ሐረር ሲመለሱ ነገሩ ይከብዳል። ከተማዋ በፕሪሚየር ሊግ የተወከለችው በቢራ ፋብሪካዋ ስም በሚጠራው ክለብ ነበር። ፋብሪካው በ2003 ዓ.ም. ለሆላንዱ ሃይኒከን ተሸጠ፤ ከበደሌው ጋር የሁለቱ ዋጋ ወደ 163 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለቤት ሲለወጥ ከዳ አይባልም፤ ኢንቨስትመንት ይባላል። አሠልጣኝ ሲሄድ ግን ስሙ በየጫት መቃሚያው ይነሣል።

ይህ ማለት አሠልጣኙ እንደፈለገ ይሁን ማለት አይደለም። ውድድሩ ሳይጋመስ መሄድ፣ ሲሄድም ክለቡ ያሳደጋቸውን ሦስት አራት ልጆች አስከትሎ መሄድ፣ ይህ ከደመወዝ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። እንጀራ ፍለጋ ሳይሆን የጎረቤትን አጥር ነቅሎ መማገድ ነው።

ያ በሐሳብ የተቀመጠው ሰው ማታ በአንደኛው የጁገል በር በኩል ሲገባ አንድ አዛውንት ደጋፊ ያስቆሙታል።

«ልጄ፣ ልትሄድ ነው አሉ?»

«ገና አልወሰንኩም፣ አባባ። እርስዎ ቢሆኑ ይቀሩ ነበር?»

አዛውንቱ በትራቸውን መሬት ላይ አስደግፈው ያስባሉ። «እኔማ የሦስት ልጆች ትምህርት ቤት ብከፍል እሄድ ነበር» ይላሉ። «ግን የሶፊዎቹን ልጆች ቅዳሜ ማን ይወርድላቸዋል?»

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል። ሰውየው አያነሣውም፤ አያጠፋውምም።