አምስት መቶዎቹ

ሮማን በእግር ለማየት የነበረን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። አስጎብኚያችን የታጠፈ ቀይ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ ትቀድማለች፤ እኛ እንደ ጫጩት እንከተላለን።

ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል። ፒያሳን እንኳ የሚያስተረጉም የአዲስ አበባ ልጅ የለም! ቺንኩዌቼንቶ ግን «አምስት መቶዎቹ» ማለት ነው አሉን። የምን አምስት መቶ? «አፍሪካ ውስጥ የሞቱ ወታደሮቻችን ናቸው» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

አፍሪካ ሰፊ ናት። ጥቂት እልፍ ብሎ፣ ዛፎች መሐል፣ አንድ የግራኒት ሐውልት ቆሟል። ከሰልፉ ወጣ ብለን ቀረብን። ድንጋዩ የግብጹ የዳግማዊ ራምሴስ ነው፤ በቁፋሮ የተገኘ። ከሥሩ በነሐስ የተጻፉት ስሞች ግን ምጽዋን ይዘው ወደ ደጋው ሲገፉ፣ ዛሬ ኤርትራ በሆነችው ምድር ዶጋሊ ላይ፣ በጥር 1879 ዓ.ም. የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው ናቸው። ሐውልቱ የቆመላቸው በዚያው ዓመት ነው፤ ወሬው ሳይቀዘቅዝ!

ተራ ወታደሩ ሳይቀር በየስሙ ሰፍሯል። ከራስ አሉላ ወገንስ? በዚያ ቀን የወደቀው ቀላል አልነበረም፤ እኛ የምናውቀው ግን የአዝማቹን ስም ነው።

«ያሸነፈ ሰው ሐውልት ምን ያደርግለታል?» አለ አንዱ ጓዳችን።

«ለእናቱስ?» አለችው ሌላዋ።

ቀዩ ጃንጥላ ከሩቅ ተወዘወዘ። ትሬቪ ፏፏቴ ስንደርስ ሳንቲም የጣለ ወደ ሮማ ይመለሳል ተባልን። ሰው ሁሉ ይወረውራል። እነዚያ ሁለቱ ግን ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ገና ይከራከሩ ነበር።