ሰዓቱ የማን ነው?

በዚህ ዓመት በዩኒቨርሲቲያችን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚመክሩ ወረቀቶች በዝተዋል። ዐይነታቸው ሁሉ አንድ ነው፤ ቀኑን በመስመር ከፋፍለው ለጥናት ይህን ያህል፣ ለእንቅልፍ ይህን ያህል፣ ለመዝናኛ ይህን ያህል እያሉ ይደለድላሉ። እኔ መምህርና የሩጫ አሠልጣኝ ለመሆን የምማር እንደ መሆኔ መጠን፣ ስቶፕ ዎች በአንገቴ አንጠልጥዬ የምውል ሰው ነኝና ወረቀቶቹን ንቄ አላልፋቸውም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ዘለው የሚጀምሩ ይመስለኛል። ይኸውም፣ ይደልደል የተባለው ሰዓት የማን ነው? የሚለው ነው።

ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና በግ ይበዛበታል፤ የጥቅምትን ውርጭ የሚያውቅ ያውቀዋል። በቤታችን ሰዓት የሚባል ዕቃ አልነበረም። አያቴ ቄስ ነበሩና በጾም ቀን ሰዓቱን ማወቅ ሲፈልጉ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እኔ በጥላቸው ጫፍ ላይ ጠጠር አስቀምጣለሁ፤ እርሳቸውም ከቆሙበት እስከ ጠጠሩ ድረስ እግር በእግር እየረገጡ ይቆጥራሉ። አንድ ጊዜ አጎቴ ከአዲስ አበባ የእጅ ሰዓት አስሮ መጣና ከጥላው ጋር አስተያየው። ልዩነቱ ጥቂት ነበረ፤ አያቴ ግን ሳያመነቱ ስሕተቱ የሰዓቱ ነው ብለው ፈረዱ።

እንግዲህ ሰዓት በሌለበት ቤት ጊዜ ይባክናል ብሎ የሚያስብ ቢኖር እናቴን አላያትም። እናቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ኩበት አቀጣጥላ፣ ላም አልባ፣ እህል አሰናድታ፣ በረት ጠርጋ፣ ፀሐይ ስትወጣ የቀኑን ሥራ ግማሽ ጨርሳ ትገኛለች። እያንዳንዱ ሰዓት ባለቤት ነበረው። አንዱ የላሟ፣ አንዱ የምጣዱ፣ አንዱ የውኃው፣ አንዱ የአባቴ ነበረ። የእኔም የጧት ሰዓት የከብቶቹ ነበረና ለተረኛው እረኛ ሳላስረክብ ከቤት አልወጣም። ትምህርት ቤቱ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ በሩ ደግሞ በ2 ሰዓት ይዘጋል። ሯጭ የሆንሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ ይመላለስ እንደ ነበረ፣ ደብተር ይይዝበት የነበረው ግራ እጁም በኋላ በሩጫው ሜዳ ላይ እጥፍ ብሎ እንደ ቀረ ሁላችንም ሰምተናል።

በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እኅቴ ከእኔ ትፈጥን ነበረ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ባዶ ጀሪካን ይዛ ቁልቁለቱን ስትወርድ ተከትዬ ደርሼባት አላውቅም። የስፖርት መምህራችን ለውድድር የሚዘጋጁ ልጆችን ሲመዘግቡ የእርሷም ስም ገባ። ልምምዱ ከትምህርት በኋላ በ10 ሰዓት ሆነ። ወንዶቹ ቀረን። እርሷ ግን በዚያ ሰዓት ምንጭ መውረድ፣ ከዚያም ለማታ ማሰናዳት ነበረባት። ሁለት ጊዜ መጣች፤ ሁለቱንም ቀን ማታ ቤት ውስጥ ቁጣ ሆነ። በሦስተኛው መምህሩ በሰልፍ ፊት ስሟን ጠርተው ሰዓት የማታከብር ብለው ሰረዟት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ መዝገብ ነበራቸው፤ መዝገቡ የሚያውቀው መጣችና ቀረች የሚለውን ብቻ ነበረ። ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። ነገሩን እርሷ አንሥታው አታውቅም፤ የማነሣው እኔ ነኝ።

በትምህርታችን ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሮጀር ባኒስተር ነው፤ መጠቀሱም ይገባዋል። ባኒስተር በለንደን የሕክምና ተማሪ ነበረ። እንደ ዛሬዎቹ ሯጮች ቀኑን ሙሉ አይለማመድም፤ በምሳ ዕረፍቱ ወደ ሜዳ ሄዶ አንዳንድ ቀን 440 ያርዱን አሥር ጊዜ፣ በየመካከሉ እያረፈ ይሮጥና ተመልሶ ወደ ትምህርቱ ይገባ ነበረ። ሚያዝያ 28 ቀን 1946 ዓ.ም. ጧት በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የሩጫ ጫማውን ሹሎች ስሎ፣ በባቡር ወደ ኦክስፎርድ ሄደ፤ ማታውንም አንድ ማይል በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ሮጦ ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህ ታሪክ ለአሠልጣኝ ትልቅ ትምህርት ነው፤ በጥቂት ጊዜ ብዙ መሥራት እንደሚቻል ያሳያል። ይሁን እንጂ መምህራችን ይህን ሲነግሩን እኔ ያሰብሁት ሌላ ነገር ነው። የባኒስተር የምሳ ሰዓት የባኒስተር ነበረ። ማንም ጀሪካን ይዘህ ና አላለውም።

በዚህ ሰሚስተር ለማስተማር ልምምድ በከተማው ዳር ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ተመድቤአለሁ። የሩጫ ቡድን ሳቋቁም ከ7ኛና ከ8ኛ ክፍል 26 ልጆች ተመዘገቡ፤ 15 ወንዶች፣ 11 ሴቶች። የልምምዱን ሰዓት ከመወሰኔ በፊት ለእያንዳንዳቸው አንድ ወረቀት ሰጠሁ፤ በወረቀቱም ላይ የቀኑን 12 ሰዓትና የሌሊቱን 12 ሰዓት ጻፍሁና በየሰዓቱ ምን እንደሚሠሩ፣ የሚያዛቸውም ማን እንደ ሆነ እንዲሞሉ ጠየቅሁ። የወንዶቹ ወረቀት ከ10 ሰዓት በኋላ ባመዛኙ ኳስ የሚል ነበረ፤ አንድ ልጅ ብቻ እስከ ማታ ጫማ ይጠርጋል። የሴቶቹን ሳነብ የእኅቴን ቀን ያነበብሁ መሰለኝ። እዚህ ምንጭ የለም፤ ቧንቧ አለ፤ ቧንቧው ግን በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሌሊት ተነሥተው የሚቀዱ አሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ተምረናል፤ ከ11ዱ መካከል 8 ሰዓት የምትተኛዋ አንዲት ብቻ ነበረች። አንዷ ልጅ ዕረፍት ለሚለው ቦታ ስታጣ፣ በወረቀቱ ጠርዝ ላይ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በመንገድ ብላ ጽፋለች።

ከወረቀቶቹ የተረዳሁት ነገር ይህ ነው። ለእነዚህ ልጆች ማንም የማይነካባቸው ሰዓት ቢኖር በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው የሌላ ነው። ታዲያ ከ10 ሰዓት በኋላ የሚባለውን ትቼ ወደ ራሱ ወደ ሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ ዞርሁ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ስቶፕ ዎቼን ይዤ ዳር ቆሜ እንዴት እንደሚያልቅ ለካሁት። ስም እስኪጠራ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ቁልፍ እስኪገኝ፣ ኳስ እስኪነፋ፣ ቡድን እስኪከፈል ድረስ 17 ደቂቃ ሄደ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ከዛፉ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ኃይሌ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትሩን ፖል ቴርጋትን ቀድሞ ያሸነፈው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነው፤ እኛ ቁልፍ ፍለጋ ላይ የምንጥለውን ብታስቡ ታዝኑ ነበር።

አሁን ስም የሚጠራው ልጆቹ በሜዳው ዙሪያ እያሟሟቁ ነው። ከማሟሟቂያው በኋላ 200 ሜትር ስድስት ጊዜ፣ በየመካከሉ በእግር እየተመለሱ፣ በመጨረሻም መፍታቻ፤ ይህ ሁሉ በ35 ደቂቃ ያልቃል። ለዚህ ዕድሜ ከዚህ የበለጠ በየቀኑ ማስሮጥም አያስፈልግም፤ ሰውነት የሚጠነክረው በሩጫውና በዕረፍቱ አንድ ላይ ነው። ኳስ የሚወዱት ወንዶች አኩርፈዋል፤ ለእነርሱ ከ10 ሰዓት በኋላ ሜዳው ክፍት ነው።

ስለ ራሴ የጊዜ አጠቃቀም የሚጠይቁኝ የመኝታ ክፍል ጓደኞች አሉ፤ ከሰሌዳው ወረቀት የሚለይ ብልሃት የለኝም። የትምህርት ዝግጅቴን ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት እጽፋለሁ፤ በዚያን ጊዜ ስልኬ ከአልጋ ጎረቤቴ ዘንድ ይሆናል፤ እርሱም የእኔን ስልክ ይዞ የራሱን እያየ ያመሻል። ነገር ግን በዩኒቨርሲቲ ያለን ሰዎች፣ ምግባችን በካፌው ተሠርቶ፣ ውኃችንም በሌላ ሰው ተቀድቶ የሚጠብቀን፣ ሰዓት አነሰን ስንል ጥቂት ማፈር የሚገባን ይመስለኛል። ሴት እኅቶቻችን ለዕረፍት ወደ ቤት ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ምን እንደ ሆነ እነርሱ ይናገሩ።

የቀረው የቅዳሜ ልምምድ ነው። ለውድድር የሚቀርቡ ልጆች በሳምንት አንድ ረዘም ያለ ሩጫ ያስፈልጋቸዋልና፣ ጧት ከ1 እስከ 2 ሰዓት አድርጌ ወላጆችን በየቤታቸው ሄጄ አነጋገርሁ። ብዙዎቹ እናቶች አልከለከሉም፤ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። «መምህር፣ በስንት ሰዓት ይመልሱልኛል?» አሉኝ። 2 ሰዓት ካልሁ በ2 ሰዓት ልጅቱ ደጃፍ ላይ መገኘት አለባት፤ 10 ደቂቃ ባዘገይ በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም። እስካሁን ለአምስት ቅዳሜ ቃሌን ጠብቄአለሁ፤ ከ11ዱ ዘጠኙ ይመጣሉ።

የአንዷ እናት ታመው ተኝተዋል፤ እርሷ ከአልጋቸው አትለይም፤ ስለዚህ ምንም አላልሁም። ሁለተኛዋ ከገጠር መጥታ በዘመድ ቤት የምትኖር ናት፤ ቅዳሜ ጧት የቤቱን ልብስ የምታጥበው እርሷ ናት። የቤቱ እመቤት ሁለት ጊዜ በር ላይ አነጋግረውኝ መልሰውኛል፤ ሁለተኛውን ጊዜ ግን ልብሱ ዓርብ ማታ ውኃ ከመጣ ያን ጊዜ ሊታጠብ እንደሚችል ራሳቸው አነሡ። ዓርብ የዚያ ሰፈር ፈረቃ መሆን አለመሆኑን ከውኃ አገልግሎቱ ቢሮ ጠይቄ በሚቀጥለው ሳምንት እመለሳለሁ።