«ብቻህን ነህ?»

እኛ ዘንድ ብቻውን መንገድ የወጣ ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል። ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ወይ ስለት አለበት፣ ወይ አንድ ነገር ነክቶታል። በጥር 2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክሌን አስነሥቼ ወደ አፋር በረሃ ልወርድ ነው ስል ወዳጆቼ ስለ ውኃውም ስለ ነዳጁም አልጠየቁኝም። «ከማን ጋር?» ነው ያሉኝ። «ብቻዬን» ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋማ ባለቤቴ ጋ ደወለች።

እኔ ደግሞ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፍ ሰው የሌለበት አገር። በነገራችን ላይ ያን አገር ብቻውን የሄደበት ሰው ጥቂት ነው። አዋሽን ተከትሎ ወንዙ ባሕር ሳያይ እስከሚቀርበት አቤ ሐይቅ ድረስ በ1926 ዓ.ም. የዘለቀው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር እንኳ ግመል ነጂና ጠመንጃ ያዥ አስከትሎ ነው። ብቻውን በረሃ የሚያቋርጥ ጀግና በብዛት የሚገኘው ልብ ወለድ ውስጥ ነው።

ከአዋሽ እስከ ሚሌ ያለውን አላወራም። ከጅቡቲ ከባድ መኪኖች ጎን ሞተር መንዳት ጉዞ ሳይሆን ጸሎት ነው። ሎግያ ስደርስ ግን ዋናውን መንገድ ትቼ በዱብቲ በኩል ወደ አሳይታ የሚወስድ የአፈር መንገድ ያዝኩ። ሞተሬን ያየ ሁሉ «ክትባት ነህ?» ይለኛል። ሞተር የሚነዳ ሰው የመንግሥት ነው፤ ለራሱ ደስታ ብሎ በዚያ ፀሐይ የሚነዳ ሰው በማን አእምሮ ይገባል?

ከዱብቲ ብዙም ሳልርቅ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ፕሮሶፒስ ነው። ይህ ዛፍ በ1970ዎቹ በረሃውን ያለማል ተብሎ ከውጭ መጥቶ፣ ዛሬ የግጦሹን መሬት የዋጠ እሾህ ነው። የመኪና ጎማ የሚበሳ እሾህ የኔን ሞተር ለቁርስም አላደረሰውም። ጎማውን ፈትቼ ስለጥፍ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎረምሳ ግመል እየነዱ መጡና አጠገቤ ቁጭ አሉ። ጎረምሳው አማርኛ ይችላል።

«ብቻህን ነህ?»

እዚህም መጣ! አልኩ በልቤ። ግን ጥያቄው ሌላ ነበር።

ዳጉ ይሉታል። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ ማን ታመመ፣ ምን እንግዳ ሰው ታየ። ወሬ የሚጨምርና የሚያበላሽ ሰው በጎሣው ፊት ይጠየቃል። «እዚያ ሣር አለ» ተብሎ ስንት ቀን የተነዳ ከብት ሣሩን ካጣ ያልቃላ! ስለዚህ «ብቻህን ነህ?» ማለት «አብሮህ ያየ ሌላ ዓይን አለ ወይ?» ማለት ነው። የሌለው ሰው በደንብ ይመረመራል።

ተመረመርኩ። ገዋኔ ላይ ሣሩ ምን ይመስላል? ከብቱ ከስቷል? ፍየሎቹስ? ያየሁትን ተናገርኩ። በመጨረሻ ምሳ የበላሁበት ቤት ሲወራ የሰማሁትን፣ ከገዋኔ ወዲህ ተኩስ ነበር የሚለውን ጨመርኩ።

«አየህ ወይስ ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ከማን?»

«ምግብ ቤት፣ ሾፌሮች ሲያወሩ።»

«እነሱስ አይተዋል?»

ጎረምሳው ለሽማግሌው ተረጎመለት። ሽማግሌው እጁን ወዝወዝ አደረገና ወደ ግመሎቹ ዞረ። ሃያ ዓመት ተማሪዎቼን «ምንጭህ ማነው?» ስል ኖሬያለሁ፤ እንዲህ የሚያፋጥጥ መርማሪ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። እኛ ጋ ቢሆን ያቺ ተኩስ ማታ ሦስት ሰው ገድላ፣ በማግስቱ አጸፋ ትጠራ ነበር። በዚያ አገር ደግሞ ጠመንጃው ሩቅ አይደለም፤ ሽማግሌውም ትከሻው ላይ ነበር የያዘው። ወሬዋን ከመሸከም ትቷት መሄድ የመረጠው ለዚህ ይመስለኛል።

ጎማውን አስሬ በዝግታ ነዳሁ። የቀድሞዋ የክልሉ ዋና ከተማ አሳይታ ስገባ መሽቷል። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ሞተሬን አቁሜ ሳልቀመጥ፣ ሻይ የሚቀዳው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ።

«ጎማህ ተሠራ?»

አዎ አልኩት፣ ደንግጬ። ዳጉ ዛሬ በሞባይልም ይሄዳል ለካ።

ብርጭቆውን አስቀመጠልኝና ሊሄድ ሲል መለስ ብሎ፣ «ተኩሱን ግን አላየህም አሉ» አለኝ።