የአባባ በገና

አባባ በሁዳዴ የሚሰሙት አንድ ሲዲ ነበራቸው፤ የዓለሙ አጋ በገና፣ ኢትዮፒክስ ከተባለው ተከታታይ 11ኛው። ማታ ማታ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይቀመጣሉ። ያን ሰዓት እኛ ቤት ድስት እንኳ ድምፅ አውጥቶ የሚከድን የለም።

በ1998 ዓ.ም. ባለ 20 ጊጋባይት ኮምፒውተር ገዛሁና የቤቱ ሊቅ ሆንኩ። “አባባ፣ ሲዲው ሳይጫር ልገልብጥልዎት” አልኩ። ቦታ ልቆጥብ ብዬ 64 ኪሎቢት የሚለውን መረጥኩ። ሲዲ ለአንድ ሴኮንድ ድምፅ 1,411 ኪሎቢት ያህል ይመድባል። ከ22 እጅ አንዱን ይዤ ሌላውን ደፋሁት ማለት ነው። ሲዲውንማ ለአክስቴ ሰጠኋት፤ ምን ያደርግልናል ብዬ!

አባባ አንድ ማታ ሰሙት። “በገናው ጉንፋን ይዞታል እንዴ?” አሉና ተነሡ። ሁለተኛ ክፈትልኝ አላሉኝም።

በ10ሩ የበገና አውታሮችና በመቀመጫቸው መካከል ቁራጭ ቆዳ ይገባል። ያንን ነዘር የሚያደርግ ድምፅ የምታመጣው እሷ ናት። ኤም.ፒ.ስሪ ደግሞ “ይሄን ጆሮ አይለየውም” ብሎ የገመተውን እየቆረጠ ይጥላል፤ 64 ላይ ሲወርድ ጆሮ የሚለየውንም አይምርም። ኋላ ያንኑ ፋይል ወደ 320 ቀየርኩት። ፋይሉ ወፈረ፤ በገናው ግን ያው ነው። የቀጠነ ጠላ ትልቅ ገንቦ ውስጥ ቢገለብጡት መች ይወፍራል?

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ሁዳዴ አክስቴ ዕቃ ስታራግፍ ሲዲውን አገኘችው፤ ልጆች ተጫውተውበታል። በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ጠረግኩት (ዙሪያውን መጥረግ ጭረቱን በድምፁ መሥመር ላይ ያስኬደዋል)። ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ያልተነበበለትን ገምቶ አያልፍም፤ እየተመለሰ ያነበዋል። ሲንገታገት አመሸ። አንዱ መዝሙር እምቢ አለ፣ ሌላው ተረፈ። በፍላክ አስቀመጥኩት፤ ከሲዲው ግማሽ ያህል ቦታ ይይዛል፣ ከድምፁ ግን ምንም አይጥልም።

አባባን ጠራኋቸው። ዕድሜ ከጆሮ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ መሆኑን አላጣሁትም። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ።

“እስቲ ትንሽ ከፍ አድርገው” አሉ።

መጨረሻው ላይ ነበር።