አምባሰልን ማን አስቆጣት?

ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣ ሰሞን አድማጩ ቶሎ ጎራ ለየ። አንዱ ወገን «ይሄ ጩኸት እንጂ ዘፈን አይደለም» አለ። ሌላው «ተመስገን፣ እኛም ሮክ ኖረን» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። በመሀል ቁጥሩ ያነሰ ሦስተኛ ወገን ነበር። ይሄኛው ጊታሩ የሚሄድበትን መንገድ ጆሮ ሰጥቶ ካዳመጠ በኋላ «ቆይ፣ ይሄን መንገድ እኮ አውቀዋለሁ» ያለው ነው። ከዚያ ወዲህ ባንዱ ሁለተኛ አልበሙን «ለራስህ ነው» ብሎ አወጣ፣ ክርክሩ ግን ከመጀመሪያው ቦታ ፈቀቅ አላለም። ዛሬም አንድ ወጣት ከባድ ጊታር ይዞ ብቅ ባለ ቁጥር ከሥሩ የሚጻፈው ያው ነው፦ «የእኛ አይደለም»።

ለማያስታውስ ሰው፦ ጃኖ ማለት ቀይ ጥለት ያለው የአገር ልብስ ነው፣ የባለ ማዕረግ ልብስ። ባንዱ በዚህ ስም ተጠርቶ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያንን ከፊት አሰለፈ፤ ከኋላ ከባድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ኪቦርድና ድራም አቆመ። የመጀመሪያውን አልበም ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው ቤዝ ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው፤ በ1983 የሄርቢ ሃንኮክን «ሮኪት» ከሠሩት አንዱ፣ ኋላም የእጅጋየሁ ሽባባውን የ2001 አልበም ያዘጋጀ ሰው። የጂጂ አልበም በወጣ ጊዜም «ፈረንጅ አበላሻት» ያሉ ነበሩ። ዛሬ ያንን አልበም የሚያማ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። አድማጭ እንዲህ ነው፤ ይፈርዳል፣ ይረሳል፣ ከዚያ የፈረደበትን ነገር ለልጁ ያወርሳል።

«የእኛ አይደለም» የሚለውን ፍርድ ለመመርመር ከአዲስ አበባ ወጣ ማለት ይሻላል። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ ከተማ አለች። ሐይቋ አጠገቧ ናት፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ነው። መንገዱን ይዞ ወደ ወልዲያ ለቀጠለ ሰው ውጫሌ ትመጣለች፤ አገሩም አምባሰል ይባላል። ግሸን ማርያም ያለችው በዚሁ ወረዳ ነው። ስሙን ሰዎች «የማር አምባ» ብለው ይተረጉሙታል፤ «አሰል» በዐረብኛ ማር ነውና። እውነት ይሁን ተረት፣ ትርጉሙ ለዜማው ተስማምቶታል።

ይህ አገር ለኢትዮጵያ ሙዚቃ አንድ ሙሉ ቅኝት በስሙ ሰጥቷል። በትምህርት ቤት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ተብለው ከሚቆጠሩት አራት ቅኝቶች ሁለቱ የወሎ ቦታ ስም ናቸው። ማሪቱ ለገሠ ይህን ዜማ ይዛ ከወሎ ወጥታ አገር ሁሉ አስለቅሳለች። ስለዚህ ስለ ከባድ ጊታርና ስለ «የእኛ» ሲወራ፣ አምባሰልን ምስክር አድርጎ መጥራት ተገቢ ነው።

ምስክሩ ምን ይላል? አምባሰል ከ«ዶ» ቢነሳ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። አምስት ብቻ። ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ያለው በግማሽ እርምጃ ብቻ የራቀ ነው፤ መነሻው ላይ ተደግፎ የቆመ ይመስላል። ያ አንጀት የሚያላውሰው ነገር የሚመጣው በአብዛኛው ከዚያች ጠባብ ክፍተት ነው። ሜታል የሚባለው ሙዚቃ ደግሞ ያለዚያች ክፍተት መኖር አይችልም ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። የሜታሊካን የ1991 አልበም የሰማ ሰው፣ በተለይ «ዌርኤቨር አይ ሜይ ሮም»ን፣ ያችን ግማሽ እርምጃ ደጋግሞ ሰምቷታል።

ሁለተኛው የበለጠ የሚገርም ነው። ጊታር በዲስቶርሽን ሲመታ ብዙ ድምፅ አንድ ላይ መሸከም አይችልም፤ በተለይ የኮርዱ ሦስተኛ ድምፅ ከገባ ይደፈርሳል። ስለዚህ የሮክ ጊታር ተጫዋች መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ይመታል፤ ፓወር ኮርድ የሚባለው ይህ ነው። አምባሰል ውስጥ ከመነሻው የሚቆጠር ሦስተኛ ድምፅ ጭራሽ የለም። ይልቁንም ዶ ከሶል፣ ሬ ፍላት ከላ ፍላት፣ ፋ ከዶ ጋር ሲጣመሩ ሦስት ፓወር ኮርዶች ይወጣሉ፤ ሦስቱ ተደምረው አምስቱንም ድምፆች ይሸፍናሉ፣ አንድም ባዕድ ድምፅ አይገባም። ጊታር ያለው ሰው አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል። የውጫሌ እረኛ በዋሽንቱ የሚሄድበት መንገድ ለከባድ ጊታር ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል።

አንቺሆዬም አለች። በመነሻዋና በአራተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ብላክ ሳባት በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተበት ያ የሚያስፈራ ርቀት ነው። የሄቪ ሜታል ልደት ተብሎ የሚጠቀሰው ድምፅ እዚህ በሠርግ ይጨፈርበታል።

እና «የእኛ አይደለም» የሚለው ፍርድ ቢያንስ በድምፅ በኩል ውድቅ ነው። ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ምክንያቱም ወሎ ውስጥ ዘፈን ድምፅ ብቻ አይደለም።

ሐይቅ ከተማ በሠርግ ኪቦርድ የሚጫወት አንድ ወጣት ከደሴ ያገለገለ ጊታር ገዝቶ አምባሰልን በዲስቶርሽን ሲለማመድ ከረመ። አንድ ቀን ስልኩ ላይ የቀዳውን ወደ ውጫሌ ወስዶ መሰንቆ ለሚጫወቱት አጎቱ አሰማ። ሰውየው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ብዙ ቆዩ።

«ጋሼ፣ ምን ይመስልዎታል?»

«አምባሰል ናት» አሉ። «ማን ነው እንዲህ ያስቆጣት?»

ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ሬዋ ግን ደርቃለች» ብለው ጨመሩ፤ ጣታቸውን በአየር ላይ ወደ ታች ሸርተት አድርገው አሳዩት። ልጁ ነገሩ ገባው። ጊታር አንገቱ ላይ ብረት የተተከለበት መሣሪያ ነው፤ ድምፁ የተለካ ነው። መሰንቆ ግን ጣት ባረፈበት ነው፤ ያች ሁለተኛ ድምፅ እንደ ስሜቱ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ ትላለች። ጊታር ላይ ይህን ለማምጣት ክሩን በጣት ገፍቶ ማጠፍ ያስፈልጋል። ይቻላል፤ ግን ማወቅ ይፈልጋል።

ከዚያ አጎትየው ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ግጥሙስ? ማን ሰጠህ?»

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ትችቶች ይበልጥ ከባድ ነው፤ ጃኖንም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጡትን ይመለከታል። በአዝማሪ ቤት አድማጭ ቁጭ ብሎ አይሰማም። «ተቀበል!» ይላል፤ ሁለት መስመር ይወረውራል፣ አዝማሪው ይቀበልና በዜማ ይመልሰዋል። ግጥሙ ሰም አለው፣ ወርቅ አለው። አድማጭ ሳቅ ካለ፣ ወይ ዝም ካለ፣ ወይ አንገቱን ከደፋ ዘፈኑ እዚያው አቅጣጫ ይቀይራል። የአድማጭ አስተያየት የዘፈኑ አካል ነው። አልበም ግን ተዘግቶ የመጣ ነገር ነው፤ አስተያየቱ የሚደርሰው ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ በስልክ የሚዘንበው «አሪፍ ነው»፣ «ቀሽም ነው» ሁሉ የዘገየ «ተቀበል» ነው፤ የሚቀበለው የለም እንጂ።

ስለዚህ «ጩኸት ነው» ያሉት ሰዎች ምክንያታቸውን በደንብ አልተናገሩትም እንጂ ግማሽ እውነት ነበራቸው። የከበዳቸው ጊታሩ አልነበረም፤ ቃሉ አለመሰማቱ ነበር። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ቃል ከጠፋበት የተዘረፈ ያህል ይሰማዋል። ድምፃውያኑ ከከባዱ ጊታር ጋር ሲታገሉ የሚጠፋው ፊደል የፕሮዲውሰር ችግር ነው፤ በቅጂ ክፍል የሚፈታ እንጂ የባህል ጠላትነት አይደለም። ይህን ለይቶ የሚናገር አድማጭ ለባንዱ ውለታ ይሠራለታል። «የእኛ አይደለም» የሚለው ግን ምንም አይሠራለትም፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚስተካከል ነገር የለም።

እዚህ ላይ ስለ ውጫሌ አንድ ነገር ጣል ማድረግ ያምራል። በ1889 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣሊያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ንባብ፤ መጨረሻው አድዋ ሆነ። በአልበም እንዲህ አይደረስም፣ ግን አንዱን ዘፈን አንዱ ክህደት፣ ሌላው ትንሣኤ ብሎ ሲያነበው አገሩ ለዚህ አዲስ እንዳልሆነ ያስታውሳል።

ይህ ጠብ የእኛ ብቻም አይደለም። የስዊድኑ ኦፔት ለዓመታት ሲያገሳ ቆይቶ በ2011 «ሄሪቴጅ» በተባለው አልበሙ ማግሳቱን ተወ። ደጋፊው ተሰነጠቀ፤ «አደገ» ያለ አለ፣ «ከዳን» ያለ አለ። በ2024 ባንዱ ወደ ማግሳቱ ሲመለስ ደስታው የጠፋ በግ የተገኘ ያህል ነበር። ድሪም ቲያትርን በ1985 የመሠረቱት ልጆች የተገናኙት ቦስተን፣ በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው፤ ሙላቱ አስታጥቄ ከእነሱ ብዙ ቀደም ብሎ የተማረበት ማለት ነው። ሙላቱ አምስቱን ድምፅ ከጃዝ ጋር ሲያጋባም የተቀበለው ጭብጨባ ብቻ አልነበረም። ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ የሽለላን ፉከራ በሳክስፎን ካገሳ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2006 ከኔዘርላንዱ የፓንክ ባንድ ዘ ኤክስ ጋር «ሞዓ አንበሳ»ን ሠራ። ያንን የሰማ ሰው ሽለላና የተናደደ ጊታር የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ለመካድ ይቸገራል።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን እዚሁ አገር ያለው ሚዛን ነው። በሐይቅም በደሴም በብዙ ሠርግ ላይ «ባህላዊ» ተብሎ የሚቀርበው አንድ ኪቦርድና አንድ ድምፃዊ ነው። ከበሮው ማሽን ነው፣ መሰንቆው በቁልፍ የሚጠራ ቅጂ ነው፣ ክራሩም እንዲሁ። ማንም «የእኛ አይደለም» አይልም። እውነተኛ ሰው በእውነተኛ ድራም ላይ ላቡን ሲያፈስ፣ ከጎኑ ሌላ ሰው ክር ሲመታ ግን «የፈረንጅ» ይባላል። ሰው ከሰው ጋር ተያይቶ፣ ተደማምጦ መጫወት ከአዝማሪው ወግ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ ለመናገር የሙዚቃ ዲግሪ አያስፈልግም። ያ የሐይቅ ልጅ ራሱ የሚበላው ከኪቦርዱ ነው፤ ጊታሩ የሚያስከፍለው እንጂ የሚከፍለው አይደለም።

ገንዘቡ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ኪቦርድ አንድ ሰው ይቀልባል፤ ባንድ ስምንትና ዘጠኝ ሰው፣ ከዚያም የድምፅ መሣሪያ፣ ጄኔሬተር፣ መኪና። አልበም በካሴት ዘመን ሱቅ ይሸጥ ነበር፤ ኋላ በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ በጥቂት ብር ይገለበጥ ጀመር፤ አሁን በስልክ በነፃ ይተላለፋል። እንዲህ ላለ ባንድ የቀረው መድረክ ብቻ ነው። መድረኩ ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ በሰሜኑ መንገድ ዕቃ ጭኖ ለመዞር የሚደፍር አዘጋጅ ጥቂት ነው። አምባሰል ለዓለም ስሟን አውሳ፣ በስሟ የሚመታውን ከባድ ጊታር የምትሰማው በስልክ ድምፅ ማጉያ ነው፤ ቤዙ በማይሰማበት።

ልጁ የአጎቱን ጥያቄ ይዞ ወደ ሐይቅ ተመልሷል። ግጥም እንዲሰጡት ሲለምናቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «መጀመሪያ ያንን ነገር ቀንሰው፤ ቃሉ ይግባ። ከዚያ እሰጥሃለሁ።» አሁን የሚለማመደው መቼ ድምፁን ማፈን፣ መቼ መልቀቅ እንዳለበት ነው። ግጥሙ ሲዘፈን ክሩን በመዳፉ ያፍነዋል፤ መስመሩ ሲያልቅ ይለቀዋል። ሬዋን በጣቱ መግፋትም ይዟል፣ ገና ትዛባበታለች።