ከቦንጋ ደን የመጣ ጥያቄ

ባለፈው ኅዳር ለሥራ ወደ ከፋ ዞን ስሄድ የ14 ዓመት ልጄን አስከትዬ ነበር። ሦስት ቀን ከትምህርቱ በማስቀረቴ ጎረቤቶቼ ወቅሰውኛል። እኔም ጅማን አልፈን፣ የጎጀብን ወንዝ ተሻግረን ቦንጋ እስክንደርስ ድረስ ልጁ ከስልኩ ቀና አለማለቱን ሳይ ወቀሳቸው እውነት መሰለኝ።

በማግስቱ ከቦንጋ ከተማ ወጥተን ወደ ማንኪራ ደን ገባን። በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቀጫጭን የጫካ ቡና ቀይ ፍሬ አንጠልጥሏል። ልጄ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«አባባ፣ ይህን ሁሉ ቡና ማን ተከለው?» ሲል መንገድ የሚመሩንን አዛውንት ገበሬ ጠየቃቸው።

«ማንም አልተከለው ልጄ። ወፉና ጦጣው ይበሉና ዘሩን ይጥሉታል፤ ጥላው ያሳድገዋል።»

ዓለም የሚጠጣው የአረቢካ ቡና ዘር የተገኘው ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች መሆኑን ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «እማዬ፣ ታዲያ ይህ ደን ቢጠፋ የሰው ሁሉ ቡና ምን ይሆናል?» አለኝ።

ቤት ብንሆን ኖሮ «አርፈህ ፈተናህን አጥና» እለው ነበር። ጥያቄው ግን የሊቃውንትም ጥያቄ ነው። በሽታንና ድርቅን የሚቋቋም የቡና ዝርያ የሚፈለገው ከጫካው ቡና ነው። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበውም ይህን የመሰለ ሀብት ስላለው ነው።

እንዲህ ያለው ሰፊ አሳብ ለልጆች አንጎል ምን ይጠቅማል? የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ሜሪ ሄለን ኢሞርዲኖ ያንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ጥናት አውጥተዋል። ከ14 እስከ 18 ዓመት ለሆኑ 65 የሎስ አንጀለስ ወጣቶች የሌሎች ወጣቶችን እውነተኛ ታሪክ አሳይተው ስሜታቸውን ጠየቋቸው። «ያሳዝናል» ከማለት አልፈው «ለምን እንዲህ ሆነ?» እያሉ አሻግረው ያሰቡት ልጆች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአንጎላቸው ክፍሎች የእርስ በርስ ግንኙነት ይበልጥ ዳብሮ ተገኘ። ይህ ዕድገት በቤተሰብ ገቢም ሆነ በአእምሮ ፈተና ውጤት የሚወሰን አልነበረም። ጎልማሳ ሲሆኑም ራሳቸውን ከማወቅና በኑሯቸው ከመርካት ጋር ተያይዞ ታይቷል። ጥናቱ የጥቂት ልጆች ቢሆንም ለእኛ ለወላጆች የሚያሳስብ ነው።

ውድ እናቶች፣ ቦንጋ ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የመሳፈሪያውም ገንዘብ ለሁላችን የሚገኝ አይደለም። ቡና ግን በየቤታችን ይፈላል። ሲቆላ «ማን ለቀመው? ስንት ተከፈለው?» ብለን ልጆቻችንን እንጠይቅ፤ መልሱንም ቶሎ አንንገራቸው።

ልጄ ያመለጠውን የሦስት ቀን ትምህርት ከጓደኛው ደብተር ገልብጦ አካክሷል። የማንኪራውን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልጨረሰውም፤ እኔም አላጣድፈውም።