ፊቱን ወደ እኛ የሚያዞር መብራት

በቀድሞ ዘመን ደብዳቤ የተላከለት ሰው አስቀድሞ የሚያየው ቃሉን ሳይሆን ማኅተሙን ነበር። ማኅተሙ የላኪውን ማንነትና ክብር ስለሚናገር፣ ተቀባዩ ገና ቃሉን ሳያነብ ልቡን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ፊልም የሚሠሩ ኩባንያዎችም ይህንኑ ልማድ ይዘው ከሥራቸው በፊት ዓርማቸውን ያሳያሉ። ከእነርሱም አንዱ የሚያገሣ አንበሳን፣ አንዱ በከዋክብት የተከበበ ተራራን፣ አንዱ ደግሞ በሕዋ ውስጥ የምትዞር ምድርን መርጧል። ሁሉም ታላቅነትን የሚናገሩ ናቸው። ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ግን በማኅተሙ ላይ ያኖረው፣ ብዙ ጸሐፊ በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘውን አንገቱ የሚታጠፍ ትንሽ መብራት ነው። እኛም ዛሬ ለአንባብያን ልናወጋ የወደድነው ስለዚሁ መብራት ነው።

ነገሩ ላላየው ሰው እንዲህ ነው። የኩባንያውን ስም የሚሠሩት አምስት የላቲን ፊደላት ባዶ በሆነ ብሩህ ሜዳ ላይ ቆመው ይታያሉ። መብራቱ ከቀኝ በኩል እየዘለለ ይመጣና ከግራ ሁለተኛ ሆኖ ከቆመው ቀጭን ፊደል ዘንድ ይደርሳል። ይወጣበትና ደጋግሞ ይዘልበታል፤ ፊደሉም እየተጨመቀ ከመሬት ጋር ይስተካከላል። መብራቱ በፊደሉ ስፍራ ቆሞ ዙሪያውን ይመለከታል፤ በመጨረሻም አንገቱን ቀና አድርጎ ፊቱን ወደ ተመልካቹ ያዞራል። ዙሪያው ይጨልማል፤ ቀጥሎም የእርሱ ብርሃን ይጠፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ቃል አልተነገረችም። በመብራቱም ቆብ ላይ ዓይን የለ፣ አፍ የለ፣ ቅንድብ የለ።

ታዲያ ነፍስ የዘራው በምንድር ነው? ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) በ1932 ጆርጅ ካርዋርዲን የተባለ፣ በመኪና ሞላ ሥራ የተካነ እንግሊዛዊ መሐንዲስ፣ ክንዱ በሞላ ተደግፎ ባቆሙት ስፍራ ጸንቶ የሚቆም መብራት ፈለሰፈ። በ1937 ያክ ያኮብሰን የተባለ ኖርዌያዊ በዚህ ፈጠራ ለመሥራት መብት አግኝቶ ሉክሶ የተባለውን መብራት አወጣ። በ1986 ደግሞ የፒክሳሩ ጆን ላሴተር በገዛ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መብራት እየተመለከተ፣ «ሉክሶ ጁኒየር» የተባለ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ፊልም በኮምፒዩተር ሠራ። በፊልሙ ውስጥ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ መብራት ኳስ ይጫወታሉ።

ላሴተር ትንሹን መብራት ሲያበጅ ትልቁን እንዲሁ አላሳነሰውም። የአንድ ባልደረባውን ሕፃን ልጅ አይቶ፣ የሕፃን አካል ከአዋቂ አካል በመጠን ብቻ ሳይሆን በአሠራርም እንደሚለይ ተገንዝቦ ነበርና፣ ክንዱን አሳጠረ፤ ቆቡንም አሳነሰ። አምፖሉን ግን በትልቁ መብራት ልክ ተወው፤ አምፖል ከሱቅ የሚገዛ ዕቃ እንጂ ከሰውነት ጋር የሚያድግ አይደለምና። ደግሞም መብራቱ ከመዝለሉ በፊት ጎንበስ ብሎ ኀይሉን ይሰበስባል፤ ካረፈም በኋላ የከባዱ መቆሚያ ክብደት ይታወቃል። ደስታውና ኀዘኑ የሚነበበው ከአንገቱ አቀማመጥ ነው።

በዚያው ዓመት በዳላስ ከተማ በተደረገው የኮምፒዩተር ሥዕል ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ፊልሙ ታየ። ከትዕይንቱ በኋላ ጂም ብሊን የተባለው የሙያው ሊቅ ወደ ላሴተር በቀረበ ጊዜ፣ ላሴተር ስለ ጥላው አሠራርና ስለ ስሌቱ ሊጠይቀኝ ነው ብሎ ሠጋ። ብሊን የጠየቀው ግን ትልቁ መብራት እናት ነው ወይስ አባት የሚል ነበር። ዕድሜውን በስሌት ያሳለፈ ሰው ስሌቱን ትቶ ስለ ዘመድ ጠየቀ። በ1995 «ቶይ ስቶሪ» የተባለው፣ መላው በኮምፒዩተር የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም በወጣ ጊዜ፣ ትንሹ መብራት ከፊልሙ መግቢያ ላይ የኩባንያው ማኅተም ሆኖ ቆመ።

እኛ ይህን ዓርማ አጥብቀን መመልከት የጀመርነው በእኅታችን ልጅ ምክንያት ነው። ልጅቱ የስምንት ዓመት ልጅ ስትሆን ከተወለደች ጀምሮ መስማት የተሳናት ናት። በቤታችን ፊልም ሲታይ ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነውና፣ ታላላቆቿ ግማሹን ይረዱና ለአያታቸው ያስተረጕማሉ፤ ከዚያም በኋላ ለእርሷ በእጅ ምልክት ይነገራታል። ስለዚህ የሳቁ ምክንያት ለእርሷ የሚደርሳት ሌላው ስቆ ከጨረሰ በኋላ ነው። መብራቱ በሚዘልበት በዚያ አጭር ጊዜ ግን ከቤተ ሰቡ አንድም ሰው አይቀድማትም።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ መብራቱ ፊደሉን ስለ ምን እንደሚረግጠው ጠየቀ። እኛ መልስ ስናፈላልግ ልጅቱ ጥያቄውን ከእኅቷ እጅ አንብባ ተነሣች። ጉልበቷን አጥፋ፣ አንገቷን ሰብራ፣ መብራቱን ሆና ዘለለች። ከዚያም ከእግሯ ሥር ያለውን በድንጋጤ ተመለከተችና ቀስ ብላ ቀና አለች፤ ሁላችንንም በየተራ ዓይን ዓይናችንን አየችን። አያቷ ሳቃቸውን መቈጣጠር አቅቷቸው «ያጠፋ ልጅ ነው እኮ! አያችሁኝ ወይ እያለ ነው» አሉ። ልጅቱ የአያቷን ቃል ባትሰማም እንደ ገባቸው ከፊታቸው ዐወቀች። በዚያ ምሽት አስተርጓሚዋ እርሷ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድ ሥርዓት ገባ። ለእርሷ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ፊቱን ወደ እርሷ ያዞራል፤ ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ በጥላ ውስጥ አይናገርም፤ ፊቱና እጁ እንዲታዩ ወደ ብርሃን ይወጣል። አያቷም ጣታቸው በእርጅና እየደረቀ እንኳ በየቀኑ አንድ አንድ ምልክት ከእርሷ ይማራሉ።

አንባብያን ሆይ፣ የጠረጴዛ መብራት ልማዱ ወረቀትን ማብራት ነው። ጸሐፊው የሠራውን ያሳየዋል እንጂ የሚያነበውን ሰው አያሳየውም። በዚህ ዓርማ ግን መብራቱ አንድ ጊዜ ከሥራው ቀና ይልና፣ ሥራው ለማን እንደሆነ የሚመለከት ይመስላል። ለሚጽፍም፣ ለሚያስተምርም፣ በየጽሕፈት ቤቱ ባለጉዳይ ለሚያስተናግድም ይህ ልማድ ይገባዋል እንላለን። በጠረጴዛው ፊት ለቆመው ሰው የቱንም ያህል መልካም ቃል ቢዘጋጅለት፣ ተናጋሪው ከወረቀቱ ቀና ብሎ ካላየው ቃሉ ለእርሱ እንደ ተነገረ በምን ያውቃል?